ከጣሳው እስከ ኒዮኑ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ስንጓዝ ከአጥር በላይ በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካየን፣ ማንንም ሳንጠይቅ ጠላ ቤት መሆኑን እናውቃለን። ፊደል ለቆጠረውም ላልቆጠረውም እኩል ይናገራል። ጠላው ሲደርስ ይሰቀላል፣ ሲያልቅ ይወርዳል። ሰቃዮቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ንግድ ፈቃድ ባይኖራቸውም ማስታወቂያ ግን ነበራቸው።

ዘንድሮ ጠላና አረቄ የሚሸጡ አንዳንድ አባሎቻችን ከቁጠባችን ተበድረው «ኒዮን» የሚባለውን ባለቀለም መብራት በራቸው ላይ ለመስቀል ስለጠየቁ፣ የነገሩን ታሪክ ማቅረብ ተገቢ መስሎናል።

ኒዮን የጋዝ ስም ነው። ራምሴይና ትራቨርስ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1898 ለንደን ውስጥ አገኙት፤ ስሙም በግሪክ «አዲስ» ማለት ነው። በ1910 ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ ፓሪስ ላይ በተካሄደ የመኪና ኤግዚቢሽን በቱቦ ውስጥ አብርቶ አሳየው። ሥራው የእጅ ሙያ ነው። ባለሙያው የብርጭቆ ቱቦውን በእሳት አለስልሶ በፊደል ቅርጽ ያጎብጠዋል፤ አየሩን አውጥቶ ጥቂት ጋዝ ያስገባና ይደፍነዋል። በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሲያልፍበት ፍም የመሰለ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። (ሰማያዊው ኒዮን አይደለም፤ አርጎንና ሜርኩሪ ነው።) ሰው አሮጌዎቹን የሚወዳቸው የሠሪው እጅ ስለሚታይባቸው ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ ላስ ቬጋስ የወረዱትን ሰብስቦ የሚያሳይ ሙዚየም እንኳ አላት።

ወደ እኛ ስንመጣ መብራት ራሱ የቅርብ እንግዳ ነው። 11.4 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ያኔ የፓሪስ ኒዮን ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከጣሳው ቀጥሎ የመጣልንም ኒዮን ሳይሆን በቀለም የተጻፈው የቆርቆሮ ታፔላ ነበር።

ዛሬ ገበያ ላይ «ኒዮን» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው በፕላስቲክ የተሸፈነ ኤልኢዲ ነው። ጋዝም ብርጭቆም የለውም። ቶሎ አይሰበርም፣ ብዙ ኃይልም አይበላም፤ ለዚህ አንነቅፈውም። ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ጠላው አልቆም ይበራል። ጣሳው እንዲህ አይዋሽም።

በሂሳብ መዝገባችን የጠላ ሻጮቻችን የማስታወቂያ ወጪ ባዶ ነው፤ ደንበኛ ግን አልጠፋም። የመብራቱ ብድር ከነወለዱ ሲመለስ የሚነሳው ከብቅሉና ከጌሾው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ብድሩ ለጋንና ለእህል ይቅደም እንላለን፤ መብራቱን የወደደች ከትርፏ ትግዛ፣ ጣሳዋን ግን አታውርድ። ጥያቄው በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ስለሚቀርብ፣ ዋጋ ያጠያየቃችሁ ፕሮፎርማውን ይዛችሁ ኑ።