«የወተት ቅርፊት»፦ የሕፃናት ችፌና የቤት ውስጥ ቅባቶች ታሪክ

በጡት ልጅ ጉንጭ፣ ግንባርና የራስ ቆዳ ላይ የሚወጣውን፣ ውኃ የሚቋጥረውንና ሕፃኑን እንቅልፍ የሚነሳውን ሽፍታ እኛ ችፌ እንለዋለን። የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ ዘመናት «የወተት ቅርፊት» ሲሉት ኖረዋል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ሲደርቅ በድስት ግድግዳ ላይ አሮ የተጣበቀ ወተት ስለሚመስል ነው። ኤግዚማ የሚለው ቃል ደግሞ ግሪክኛ ሲሆን «ፈልቶ መውጣት» ማለት ነው፤ በ6ኛው ምዕተ ዓመት በአሚዳው አኤጢዮስ የሕክምና ድርሳን ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ቃሉ የዛሬ ትርጉሙን ለማግኘት ረዥም ጊዜ ወስዶበታል። ቶማስ ቤትማን እ.ኤ.አ. በ1813 የመምህሩን የሮበርት ዊላንን የቆዳ በሽታዎች አመዳደብ አጠቃሎ ሲያሳትም እንኳ የሕፃናቱን ሽፍታ ከኤግዚማ ለይቶ፣ «ጭምብል መሳይ» የሚል ስም ሰጥቶ በሌላ ክፍል አስቀምጦት ነበር። መላ ፊትን የሸፈነ ቅርፊት አይቶ ለሚያውቅ ባለሙያ ስሙ የተጋነነ አይመስለውም።

የዚህን በሽታ የቤት ውስጥ ሕክምና ታሪክ ለመረዳት አስቀድሞ አንድ አስተሳሰብን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥንት ግሪኮችና ከጋሌን የተወረሰው ትምህርት ጤና የአራት የሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ነው ይላል። በዚህ ትምህርት መሠረት ችፌ የቆዳ በሽታ ሳይሆን በውስጥ የተበላሸ ፈሳሽ የሚወጣበት በር ነው። በሩን የዘጋ፣ ማለትም ሽፍታውን በቅባት ያደረቀ ሰው፣ ክፉውን ነገር ወደ አንጎል፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጀት ይመልሰዋል ተብሎ ይፈራ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት ብዙ ሐኪሞች እናቶች ቅርፊቱን በችኮላ እንዳያደርቁ ያስጠነቅቁ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ለወራት እያከከ፣ እየደማና መግል እየቋጠረ የኖረ ሕፃን «እየተጣራ ነው» ተብሎ ያለ ሕክምና ይተው ነበር። በእኛም ዘንድ «ሽፍታው ይውጣለት እንጂ ወደ ውስጥ እንዳይገባበት» የምትል አያት በየጤና ጣቢያው አትታጣም። ይህችን አያት ከመገሠጽ በፊት አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ይሆናል፤ የምትናገረው ከመቶ ሃምሳና ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በታላላቅ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ከነበረው ትምህርት የተለየ አይደለም።

በዚያ አስተሳሰብ ከሚቀባው መድኃኒት ይልቅ የሚጠጣው ይመረጥ ነበር። በጀርመን የማይንዝ ከተማ መምህር የነበረው ካርል ሽትራክ በ1770ዎቹ ባለ ሦስት ቀለሟን የዱር ቫዮላ በወተት አፍልቶ ለሕፃናት መስጠትን በድርሳኑ አስተዋወቀ። ተክሉ በጀርመን የዕፅዋት መድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ለዚሁ በሽታ እስከ ዘመናችን ድረስ ሲጠቀስ ቆይቷል። በብዙ ሕፃናት ላይ ችፌው ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ለወራት የተሰጠ ማንኛውም ሻይ ዝና ቢያተርፍ አያስገርምም።

አስተሳሰቡን ያናጋው በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ (1816–1880) ነው። ሄብራ ጤናማ ቆዳን በክሮተን ዘይት በማሸት ችፌ መሳይ ሽፍታን ከውጭ መፍጠር እንደሚቻል አሳየ። ከውጭ ሊፈጠር የሚችል ነገር ከውጭ ቢታከም ወደ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ምንድን ነው? ከእርሱ በኋላ ቆዳን በቀጥታ ማከም ድፍረት መሆኑ ቀረ። በስሙ የሚታወቀው ቅባት የሚዘጋጀው የእርሳስ ኦክሳይድን ከወይራ ዘይት ጋር በማፍላት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። ሕፃናቱን ሳይጠቅማቸው አልቀረም የምንለው ዘይቱ ከማድ ቤት የመጣው ነው፤ ከመድኃኒት ቤት የመጣውን እርሳስ ግን ዛሬ ለሕፃን ቆዳ የሚያዝ ሐኪም የለም።

ያም ሆኖ የጥንቱ ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ችፌ ያለባቸው ሕፃናት አንዳንዴ በድንገት ታመው ይሞቱ ነበር። የሄብራ አማች የሆነው ሞሪትዝ ካፖሺ እ.ኤ.አ. በ1887 ከነዚህ ድንገተኛ ሁኔታዎች አንዱን ገለጸ፤ ይኸውም በችፌው ላይ ብዙ ተመሳሳይ ውኃ ቋጣሪ ሽፍታዎች ባንድ ጊዜ ወጥተው ከፍተኛ ትኩሳት የሚያስከትሉበት ሁኔታ ነው። መንሥኤው የሄርፒስ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። በከንፈሩ ላይ ሕዝቡ «ምች» የሚለው ቁስል የወጣበት ዘመድ ችፌ ያለበትን ሕፃን ሲስም በሽታውን ሊያስተላልፍበት ይችላል። እኩል መጠን ያላቸው፣ በመሃላቸው የተሰረጎዱ ቁስሎች በትኩሳት ታጅበው የታዩበት ሕፃን የቤት ቅባት የሚሞከርበት አይደለም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይገባዋል።

ወደ ቅባቱ እንመለስ። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለው የኬሚስትሪ ባለሙያ በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓዶች ሠራተኞች በመቆፈሪያው ዘንግ ላይ የሚጋገረውን ሰም መሳይ ነገር ለቁስላቸውና ለቃጠሏቸው ሲቀቡት አስተዋለ፤ አጣርቶም እ.ኤ.አ. በ1872 ቫዝሊን በሚል ስም የባለቤትነት መብት አወጣበት። ቫዝሊን ዛሬ እንደ ፋብሪካ ውጤት ቢታይም አመጣጡ የሠራተኞች የቤት መድኃኒት ነው። ሽታ የለውም፣ አይበላሽም፣ ፕሮቲን የለበትም። እነዚህ ሦስት ባሕርያት በኛ አገር ለዘመናት የሕፃን ገላ ሲታሽበት ከኖረው ቅቤ ይለዩታል። ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል፤ የእናቶቻችን ትዝብት ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ያልተነጠረ ቅቤ የወተት ፕሮቲንና ተህዋስያን ይዞ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ያርፋል። ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ነው፤ በሕፃንነታቸው የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት ቅባት በታመመ ቆዳቸው ላይ የተቀቡ ልጆች በኋላ ለኦቾሎኒ አለርጂ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ምግብ በሆድ በኩል ሲገባ ሰውነት ይለምደዋል፤ በቆሰለ ቆዳ በኩል ሲገባ ግን እንደ ጠላት ሊቆጥረው ይችላል።

የወይራ ዘይት ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከጋሌን ጊዜ ጀምሮ የተከበረ ሲሆን በብዙ አገሮች ለአራስ ልጅ ማሻ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን የቆዳን መከላከያ ሽፋን እንደሚያሳሳ አሳየ፤ የሱፍ ዘይት በዚያ ጥናት የተሻለ ሆኖ ታየ። በ2016 በማንቸስተር በ115 አራስ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሁለቱም ዘይቶች የቆዳው የስብ ንብርብር በአግባቡ እንዳይደራጅ እንደሚያደርጉ አመለከተ። ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ዝና በጥቂት ዓመታት ሲናወጥ ማየት ለታሪክ ወዳጅ ያሳዝናል፤ ለሕፃኑ ግን ይጠቅመዋል።

አጃ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። በእኛ አገር ለአራስ እናት በአጥሚት መልክ የሚቀርበው ይህ እህል በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚያሳክክ ቆዳ መታጠቢያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1945 በደቃቁ የተፈጨ የአጃ ዱቄት አቪኖ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፤ በ2003 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቆዳን ከሚጠብቁ ነገሮች ተርታ መደበው። በውስጡ ያሉት አቬናንትራማይድ የተባሉ ውሑዶች መቆጣትን ያበርዳሉ። ሆኖም በ2007 በፈረንሳይ የታተመ ጥናት ችፌ ካለባቸው ሕፃናት መካከል ለአጃ አለርጂ ያዳበሩ እንዳሉ አሳይቷልና፣ ሽፍታው ከታጠበ በኋላ ከባሰበት አጃውን ማቆም ነው።

ከአገራችን ዕፅዋት በጤና አዳም ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ፉራኖኩማሪን የተባለ ውሑድ ስላለው ጭማቂው በነካው ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ይቋጥራል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅ ሕፃን በጤና አዳም ጭማቂ ታሽቶ ቢወጣ ምን እንደሚደርስበት ግልጽ ነው። በእጅና በፊት ላይ የሚቀባ ማርም ሕፃኑ ስለሚልሰው፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ለቦቱሊዝም ሊጋለጥበት ይችላል።

የቤት መድኃኒት ዘመን ያበቃ የመሰለው ማሪዮን ሱልዝበርገርና ቪክቶር ዊተን እ.ኤ.አ. በ1952 ሃይድሮኮርቲሶንን በቆዳ ላይ ቀብተው ውጤቱን ሲያሳትሙ ነው። ሱልዝበርገር ከፍሬድ ዋይዝ ጋር በ1933 ለበሽታው «አቶፒክ ደርማታይቲስ» የሚለውን ስም የሰጠው ሰው ነው። አዲሱ ቅባት በቀናት ውስጥ እፎይታ ሰጠ፤ ከዚያም ያለ ትእዛዝ በየመደብሩ የሚሸጡ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ቆዳን ሲያሳሱ ታየ። ወላጆች ፈሩ፤ ፈርተውም ወደ «ተፈጥሯዊ» ወደሚባለው ተመለሱ። አንዳንድ ዕፅዋት ብቻ ናቸው ተብለው በተሸጡ ቅባቶች ውስጥ በተለያዩ አገሮች ምርመራ ሲደረግ ያልተገለጸ ስቴሮይድ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የፊላግሪን ዘረ መል ጉድለት የቆዳውን ሽፋን በማላላት ለችፌ እንደሚያጋልጥ ታወቀ። በ2011 በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የታተመው ጥናት ግን በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱትን የዘረ መል ለውጦች አላገኘም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የሌላው አገር ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ የእኛ አይደለም። በ2020 በእንግሊዝ 1,394 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ጤነኛ ሕፃንን በየቀኑ ቅባት መቀባት ችፌን እንደማይከላከል አሳየ፤ የቆዳ ኢንፌክሽን ከተቀቡት ዘንድ በመጠኑ በርክቶ ታይቷል። ችፌው ለወጣበት ሕፃን ግን በለብ ባለ ውኃ አጭር ገላ መታጠብና ወዲያው ቅባት መቀባት፣ መቆጣቱ ሲጸናም መለስተኛ ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት መጨመር አሁንም የሕክምናው መሠረት ነው። ቅባቱ ከዕቃው የሚወጣው በታጠበ ማንኪያ ይሁን፤ በጣት ሲጨለፍ የከረመ የቫዝሊን ዕቃ የጀርም ማደሪያ ነው።