ኢየሩሳሌምን ያለሙ ጎረቤቶቻችን

ወረታ መናኸሪያ ላይ የቆመ ሰው ሦስት መንገድ ያያል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ሦስተኛው ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር። እኛ ፎገራ ሜዳ ላይ ያደግን ልጆች እነዚህን መንገዶች የምናውቃቸው በሩዝና በሽንኩርት ጭነት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ ሲያስመስሉት መንገዱ ብቻ ደረቅ ሆኖ ይቀራል።

እናታችን ግን ይህን መንገድ በሌላ ነገር ታስታውሰዋለች። በ1982 ዓ.ም. ከጎንደር በኩል የሚመጡ አውቶቡሶች ነበሩ፤ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ አንገታቸውን በመስኮት ያወጡ ሕፃናት የሞሉባቸው። ከመንገደኞቹ አንዷን አሮጊት «እናቴ፣ ወዴት ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ኢየሩሳሌም» አሉ። «ለመሳለም ነው?» አለች እናታችን። «አይደለም ልጄ፣ ለመቅረት ነው።»

ያን ጊዜ እናታችን ልጅ ነበረች። ሴትየዋ ያበዱ መስሏት ወደ ቤቷ ሮጠች። ዓመት ሳይሞላ ያ «እብደት» በዓለም ዜና ላይ ታየ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን የእናታችን ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬ ትጠይቃለች። እንዴት ነው ሸክላ የምትሠራ የባላገር ሴት ያን የሚያህል ሕልም ይዛ የምትኖረው?

ስለ ቃሉ ትንሽ እናውራ። ፈረንጆቹ «አይዲያሊዝም» የሚሉትን በደርግ ጊዜ የነበሩ ወላጆቻችን «ሃሳባዊነት» ብለው ተምረውታል። በዚያ ዘመን ሃሳባዊ መባል ስድብ ነበር፤ ከቁስ አካላዊው ሳይንስ የራቀ፣ በአየር ላይ የሚኖር ማለት ነበር። እኛ ግን እዚህ የምንለው ሌላ ነው። ዛሬ የሌለ ነገር ነገ ይኖራል ብሎ ኑሮን በዚያ መቃኘት። የዘመናዊ አይሁዶችን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ነገር ሁሉም ገጽ ላይ ያገኘዋል። ቴዎዶር ኸርዝል «የአይሁድ መንግሥት» የተባለውን መጽሐፉን በ1896 (እ.ኤ.አ.) አውጥቶ በዓመቱ ባዝል ላይ ጉባኤ ሲጠራ በእጁ አንዲት ጋሻ መሬት አልነበረችውም። በ1910 (እ.ኤ.አ.) ጥቂት ወጣቶች ደጋንያ ላይ የመጀመሪያውን ኪቡትስ ሲመሠርቱ «ጌታና ሎሌ የሌለበት እርሻ» ብለው ነበር። ታሪኩ ሲጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ ይጀምራል። የእኛው የበጌምድር ሰዎች ከኸርዝል መጽሐፍ ከ30 ዓመት በላይ ቀድመው በእግራቸው ተነሥተው ነበር።

ባሕሩ ይከፈላል

ዘመኑ የአጼ ቴዎድሮስ ነው። ከወረታ ሽቅብ ደብረ ታቦር ላይ ንጉሡ ከተማቸውን አድርገዋል። የአውሮፓ ሚስዮናውያን ደምቢያ ገብተው ቤተ እስራኤልን ወደ ክርስትና ለመመለስ ይሰብካሉ፤ ክርክሩም እስከ ንጉሡ ፊት ደርሷል። በዚህ መካከል በ1862 (እ.ኤ.አ.) አባ ማሃሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ጊዜው ደርሷል አሉ። ሕዝቡን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ኤርትራ ባሕር ስንደርስ ለሙሴ እንደተከፈለ ለእኛም ይከፈላል ብለው አመኑ።

ባሕሩ አልተከፈለም። ብዙዎቹ ባሕሩን እንኳ አላዩትም። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። የተረፉት ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ፣ ገሚሶቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ጎንደር ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሰው የመራው ጉዞ እንዲህ ሲያልቅ ሕልሙም አብሮ መቀበር ነበረበት። አልተቀበረም። ስግድ በየዓመቱ ቀጠለ። ከአስተስርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፣ ሕዝቡ ጾሞ ይከተላል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዳል። ሕልሙን ያቆየው አንድ ጀግና አልነበረም፤ በየዓመቱ አንድ ተራራ የመውጣት ልማድ ነበር።

ትምህርት ቤቱ

ቀጣዩ ሕልም ሌላ ዓይነት ነው። በ1904 (እ.ኤ.አ.) ፖላንድ የተወለደ፣ ፓሪስ የተማረ ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል ወጣት አይሁዳዊ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ቤተ እስራኤሎች ከእነሱ ሌላ አይሁድ በዓለም ላይ ቀርቷል ብለው አያምኑም ነበር፤ ነጭ አይሁዳዊ ሲያዩ መደነቃቸው አይገርምም። ፋይትሎቪች ሲመለስ ሁለት ወጣቶች ይዞ ሄደ። አንደኛው ታምራት አማኑኤል ናቸው።

ታምራት በፈረንሳይና በጣሊያን ተምረው ተመለሱ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። የእሳቸው ሕልም ባሕር መክፈል አልነበረም፤ ፊደል ማስቆጠር ነበር። ከጎንደር ገጠር የመጣ ልጅ ኦሪቱንም ዕብራይስጡንም አማርኛውንም አውቆ ለወገኑ እንዲያስተምር። በኋላ ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፣ እሳቸውም ተሰደዱ፣ ከነጻነት በኋላ ተመለሱ። በመጨረሻ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያንኑ ሥራ የያዙት ከወለቃ የወጡት ዮና ቦጋለ ናቸው፤ በየመንደሩ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደብዳቤ ሲጽፉ፣ የውጭ እንግዳ ሲቀበሉ፣ መጽሐፍ ሲተረጉሙ ኖሩ።

እኛ እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ስናስበው ከሁሉም የሚከብደው የእነዚህ ሰዎች ሕልም ይመስለናል። ባሕሩ ይከፈላል ብሎ መሄድ አንድ ጊዜ ነው። በየዓመቱ ለትምህርት ቤት ጠመኔና ደሞዝ መለመን ግን ዕድሜ ይፈልጋል።

የ77 መንገድ

የእስራኤል መንግሥት ራሱ ለረጅም ጊዜ «እነዚህ ሰዎች አይሁድ ናቸው?» እያለ ሲያመነታ ነበር። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የሴፋርድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ «ናቸው» ብለው ወሰኑ። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የመመለስ ሕግ ተፈጸመላቸው። በሩ በወረቀት ተከፈተ፤ በአገር ቤት ግን ደርግ መውጫውን ዘግቶ ነበር።

ከትግራይ የወጡት መምህሩ ፈረደ አክሉም ሸሽተው ሱዳን ገቡ። ከዚያ ሆነው የላኩት መልእክት ሞሳድ ዘንድ ደረሰ፤ የሱዳን መንገድ እንደዚያ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ መንደር መንደሩን ተከትሎ በሌሊት ተነሣ። 77ን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኛ የምናውቀው ግን የኮረምንና የወሎን ረሃብ ነው። በዚያው ዓመት ከጎንደር በመተማና በአርማጭሆ አድርገው፣ ሽፍታና ወታደር እየሸሹ፣ ሽማግሌ ተሸክመው ሱዳን የገቡትን ግን አናወራም። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው የአየር ጉዞ 8 ሺህ ያህሉ እስራኤል ገቡ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ሱዳን አቋረጠችው፤ ብዙ ቤተሰብ እኩሉ እዚያ እኩሉ እዚህ ሆኖ ቀረ።

የእናታችን አውቶቡሶች የዚህ ቀሪ ናቸው። በ1982 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት ታድሶ ነበርና ከጎንደር መንደሮች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሲወጡ፣ ከሦስት ቀን በኋላ «የሰሎሞን ዘመቻ» ጀመረ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓዘ። ወንበራቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች ተጠጋግተው ሄዱ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በቀናት ውስጥ ነው።

ከደረሱ በኋላ

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባለቀ። ግን ሁለት ሕልሞች አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተገናኙ። አገሪቱን ካቆሙት ብዙዎቹ ሃይማኖትን ትተው አዲስ ሰው እንፈጥራለን ያሉ ነበሩ። የእኛዎቹ ደግሞ ሁሉም ነጭ ለብሶ የሚጸልይባትን ቅድስት ከተማ ነበር የጠበቁት። ያገኙት አስፋልት፣ ሠራዊትና ቢሮ ነው። አይሁድነታችሁ ያጠራጥራልና ተጠመቁ ሲባሉ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ጋዜጣ ሲያወጣው በሺዎች አደባባይ ወጡ። በ2015 እና በ2019 (እ.ኤ.አ.) ልጆቻቸው በፖሊስ ድብደባና ግድያ ምክንያት እንደገና መንገድ ዘጉ።

አንዳንዱ ይህን አይቶ «ሕልሙ ውሸት ነበር» ይላል። እኛ እንደዚያ አናየውም። አባት ኢየሩሳሌም ለመድረስ ሄደ፤ ልጅ ደግሞ ኢየሩሳሌምን «ያልሽውን ሁኚ» ብሎ ያዛት። ይኸኛው ነው ዘመናዊው ሕልም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ስግድ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ ጸደቀ። የጎንደር ተራራ ልማድ በዚያ አገር ካሌንደር ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

እኛስ?

ቀላል ያልሆነው ጥያቄ ለእኛ ነው። ያ ሕልም ለምን ያን ያህል ጠነከረ? አያታችን ጀበናና ምጣድ የምትገዛው ከ«ካይላ» ሴቶች ነበር። ዋጋውን በእጃቸው አትሰጥም፤ እነሱም በሕጋቸው «አትንኩኝ» ስለሚሉ፣ ሳንቲሙን ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ ትጥለዋለች። ያ በሁለቱም ወገን ያለ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ነገር ግን የእኛ ብቻ ነው። ሴትየዋ ዞር ስትል አያታችን ልጆቿን ጓዳ ትሰበስባለች፤ «ቡዳ ናቸው፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ» ትላቸዋለች። ምጣዱ እንጀራችንን ይጋግራል፣ የሠራችው ሴት ጅብ ትባላለች። ማረሻችንን የቀጠቀጠው ሰው ለዘመናት ርስት ተከልክሎ የሰው መሬት ሲያርስ ኖረ።

ሰው ኢየሩሳሌምን የሚያልመው በኦሪት ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ እንደ ሰው ሳይቆጥረው ሲቀርም ያልማል። የእነሱን ሕልም ስናደንቅ እኛ የጨመርንበትን ማገዶ መርሳት የለብንም።

ዛሬ በዚያው በመተማ መንገድ ሱዳን የሚሻገሩት የእኛ እኩዮች ናቸው። እነሱም የሚሉት «እዚህ ሰው አልሆንም» ነው። እስካሁን ታሪኩን ስናነብ ልባችን የሄደው ወደ አባ ማሃሪና ወደ ፈረደ ነበር። አሁን ግን ደጋግመን የምናስበው ታምራት አማኑኤልን ነው። የተማሩት ፓሪስ ነበር፤ ተመልሰው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሙ።

የአያታችን ምጣድ እስከ ዛሬ አለ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። ባለፈው ፋሲካ ወረታ ስንሄድ እናታችንን «ማን ነው የሠራችው?» ብለን ጠየቅናት። ስሟን አታውቅም። አያታችንም አልጠየቀቻትም ነበር።