ያልታሰረ ቀስት አይጎብጥም

በ1611 የታተመውን የኪንግ ጀምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣችሁ ኤርምያስ 50፥14ን ብታነቡ፣ በባቢሎን ላይ የሚሰለፉት ቀስተኞች ቀስታቸውን «ቤንድ» ሲያደርጉ ታገኟቸዋላችሁ። በትምህርት ቤት ቤንድ ማለት ማጉበጥ ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ቀስት ከመጀመሪያውም ጎባጣ አይደለምን? ለምን እንደገና ይጎብጣል?

የጥንቱ የእንግሊዝ ቀስት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ቀጥ ያለ በትር ነው ማለት ይቻላል። በ1545 የሰጠመችው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1982 ከባሕር ወጥታለች፤ በውስጧም ከ100 የሚበልጡ ቀስቶች ተገኝተዋል። ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ ነው። የተሠሩት «ዩው» ከሚባል ዛፍ ሲሆን፣ የዚህ ዛፍ የውስጠኛው እንጨት መጨመቅን፣ የውጭው ደግሞ መለጠጥን ይችላል። ቀስተኛው ውጊያ ሲደርስ እንጨቱን በጉልበቱ ገፍቶ አውታሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስርበታል፤ ቀስቱ የሚጎብጠው ያን ጊዜ ነው። ውጊያው ሲያበቃ አውታሩን ይፈታዋል። ታስሮ የሰነበተ እንጨት ጉብጠቱን ይለምድና ኃይሉን ያጣልና።

የቤንድ ታሪክም ያለው እዚሁ እስራቱ ላይ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቤንዳን» ማለት ማሰር፣ በተለይም ቀስትን በአውታር ማሰር ነበር። የቃሉ ወንድሞች ዛሬም አሉ፦ ባይንድ ማሰር ነው፤ ባንዴጅ የቁስል ማሰሪያ ነው፤ ለህዳሴው ግድብ የገዛነው ቦንድም ተበዳሪውን በቃሉ የሚያስር ወረቀት ነው። ከህንድ የመጣው ባንዳና እንኳ የሩቅ ዘመዳቸው ነው። ቀስት ሲታሰር ስለሚጎብጥ፣ ከጊዜ በኋላ የሥራው ስም ለውጤቱ ተሰጠና ቤንድ ማጉበጥ ሆነ። መርከበኞች ግን የድሮውን ፍቺ አልጣሉም፤ ሁለት ገመዶች የሚያያዙበትን አንዱን ቋጠሮ እስከ ዛሬ «ሺት ቤንድ» ይሉታል።

ወደ ኤርምያስ እንመለስ። በዚያ ቦታ የዕብራይስጡ ግሥ «ዳራክ» ሲሆን ትርጉሙ መርገጥ ነው፤ ቀስተኛው አውታሩን ሲያስር እንጨቱን በእግሩ ይረግጠው ነበርና። እኛ በአማርኛ ቀስት ገተረ፣ ወጠረ እንላለን፤ ውጥረት የሚለው ቃላችንም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። እንግሊዙ እስራቱን፣ ዕብራዊው እግሩን፣ እኛ ደግሞ የአውታሩን መወጠር አይተን ሰየምነው። እኔ የዕብራይስጡን አብልጬ እወደዋለሁ፤ ላቡ ይታያል።

ለጉልበት መንበርከክ እንግሊዝኛ ሌላ ቃል አለው። እርሱም «ባው» ነው። ቀስት ከሚለው «ቦው» ጋር ፊደሉም ሥሩም አንድ ሲሆን፣ ሥሩ ከጥንት ጀምሮ መጉበጥን ብቻ የሚናገር ነው። ክርናችንን ኤልቦው፣ ቀስተ ደመናን ሬይንቦው ያሰኘው ይኸው ቃል ነው። በዘፍጥረት 9፥13 እግዚአብሔር በደመና ያኖረው ቀስትም በዕብራይስጥ «ቄሼት» ነው፤ የጦሩም ቀስት ስሙ ይኸው ነው፤ የእኛው ቀስትም የዚህ ቃል ዘመድ ነው። አንዳንድ ሰባኪዎች ቀስቱ ወደ ሰማይ አነጣጥሯል ይላሉ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ምዕራፉ ግን አይናገረውም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በወጣቶች መካከል መጉበጥ ሁልጊዜ ሽንፈት፣ መታሰርም ሁልጊዜ ባርነት ተደርጎ ሲወራ ስለምሰማ ነው። በባቢሎን ቅጥር ላይ ለቆመ ዘበኛ የሚያስፈራው የታሰረውና የጎበጠው ቀስት ነበር፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው በትር ምንም አያደርገውም። ሆሴዕ 7፥16 ደግሞ ወደ ልዑል ያልተመለሰውን ሕዝብ በማይታመን ቀስት ይመስለዋል። እዚያ ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ሬሚያ» ሲሆን፣ አንዳንድ ተርጓሚዎች አታላይ፣ ሌሎች የላላ ብለውታል። የላላ አውታር ያለው ቀስት ሩቅ ለቆመ ሰው የተዘጋጀ ይመስላል፤ መላላቱን የሚያውቀው ፍላጻውን አስገብቶ የሳበው ቀስተኛ ነው፣ ያውም ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ።