ብራና ሲፋቅ፣ ዲስክ ሲጸዳ

እ.ኤ.አ. በ1229 አንድ ጸሐፊ የጸሎት መጽሐፍ ሊያዘጋጅ ብራና አስፈለገው። ብራና እንደ ወረቀት ከሱቅ የሚገዛ አይደለም፤ ቆዳ ተገፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ነው የሚገኘው። ሰውዬው ታዲያ አሮጌ መጻሕፍትን ፈታና ቀለማቸውን ፋቀ፤ ቅጠሉን አዙሮ ጸሎቱን ጻፈበት። ከተፋቁት አንዱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተገለበጠ የአርኪሜደስ ሥራ ነበር። በውስጡ ያለው «ዘዴ» የተባለ ድርሰት እስከ ዛሬ ሌላ ቅጂ አልተገኘለትም። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ቦታ ነው የፈለገው።

የኮምፒውተርም ታሪክ የቦታ ፍለጋ ታሪክ ነው። አይቢኤም በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳህን ተደርድሮበት፣ ከአንድ ቶን በላይ እየመዘነ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ 1.5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይበቃው ነበር፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይላል። አሮጌው ማሽን እንግዲህ ምን ያድርግ? «ሲ» ድራይቭ ይሞላና መስመሩ ቀይ ይሆናል።

ያኔ ቴክኒሻን ይጠራል። «ፎርማት ነዋ! ሌላ ምን መፍትሔ አለው?» ይላል። የኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። «ዴስክቶፕ» ላይ የተቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ «ማይ ዶክመንትስ» ውስጥ ያለው የእናት ፎቶግራፍ የሚኖሩት እዚያው «ሲ» ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ግን ጠረጴዛው ከቤቱ ውጭ ያለ ይመስለዋል።

ደግሞስ ቦታውን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም። ጊዜያዊ ፋይል ነው፣ የአፕዴት ትራፊ ነው፣ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል የቀድሞው ሲስተም ሬሳ ነው። ይህን የሚጠርገው «ዲስክ ክሊንአፕ» ከዊንዶውስ 98 ጋር የመጣ ነው፤ ሰው አይከፍተውም እንጂ። ቢሆንም ዝርዝሩን ሳያነቡ ሁሉንም ራይት ማድረግ አይገባም፤ በ2018 በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም «ዳውንሎድስ»ም ከሚጠረጉት መካከል ገብቶ ነበር።

አርኪሜደስ ዕድለኛ ነበር። የተፋቀው ቀለም ዱካ ትቶ ስለነበር ዴንማርካዊው ሃይበርግ በ1906 ብዙውን አነበበው፤ ከ1998ቱ ጨረታ በኋላ ደግሞ ባልቲሞር ላይ በልዩ ልዩ ብርሃን እየተነሳ የቀረውም ይታይ ጀመር። የድሮው ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው፤ ፋይል ሲጠፋ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል እንጂ ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። በስህተት ያጠፉት ነገር ካለ ማሽኑን ወዲያው ይዝጉት፣ ምንም አይጻፉበት። በአዲሱ ኤስኤስዲ ግን የተሰረዘውን ቦታ ማሽኑ ራሱ ስለሚያጸዳው ፍለጋው ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል።