የአጥንት ክንድ ያለው ወጣት

እ.ኤ.አ. በ1895 ኖርዌያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ የራሱን ፊት በድንጋይ ላይ ሥሎ፣ ሊቶግራፊ በሚባለው ዘዴ በወረቀት አተመው። ዕድሜው 31 ነበር። ከድቅድቅ ጥቁር ውስጥ ፊቱና ነጭ ኮሌታው ብቻ ይታያሉ። ከላይ ስሙና ዓመቱ እንደ መቃብር ሐውልት ጽሑፍ ተቀምጠዋል። ከታች ሥጋ የሌለው የክንድ አጥንት ተጋድሟል።

ብዙዎች ሥዕሉን ተስፋ የቆረጠ ሰው ምስል አድርገው ያነቡታል። ምክንያት አላቸው፤ 5 ዓመት ሲሆነው እናቱን፣ 13 ሲሆነው ታላቅ እህቱን ሶፊን ሳንባ ነቀርሳ ነጥቆታል።

ግን ልብ ብላችሁ እዩት። አያለቅስም፣ አይለማመጥም፤ ያስባል። አጥንት የሆነውም ፊቱ ሳይሆን ክንዱ ነው፤ ሠዓሊ እንጀራውን የሚበላበት አካል። ጥያቄው «መቼ እሞታለሁ?» ብቻ አይደለም፤ «ይህ እጅ ሲበሰብስ ምን ይቀራል?» የሚልም ነው።

ጥያቄው ባዶ ፍርሃት አልነበረም። በ1892 በርሊን ላይ ያሳየው ዐውደ ርእይ በቁጣ ምክንያት በሳምንቱ ተዘግቷል። በ1937 ደግሞ ናዚዎች 82 ሥራዎቹን «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ከጀርመን ሙዚየሞች አስወጡ። ሸራ ከግድግዳ ይወርዳል፤ ኅትመት ግን ብዙ ቅጂ አለው፤ አንዱ ቢነሣ ሌላው ይቀራል።

በ31 ዓመቱ የራሱን ሐውልት የሣለው ሰው እስከ 80 ዓመቱ ኖሮ በ1944 አረፈ። ሞትን ማሰብ ሥራ አላስፈታውም።