ጉርቲ (የሶማሌላንድ የሽማግሌዎች ምክር ቤት)

ጉርቲ የሶማሌላንድ ፓርላማ ላዕላይ ምክር ቤት ሲሆን፣ የጎሳ ሽማግሌዎች ዳኝነት በዘመናዊ መንግሥት መዋቅር ውስጥ ቦታ ያገኘበት ተቋም ነው። መሠረቱ በአርብቶ አደሩ ዘንድ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃና ስለ ደም ካሳ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ድምፅ ሳይቆጥር፣ በስምምነት የሚፈርደው ባህላዊ ሸንጎ ነው። በ1992 (እ.ኤ.አ.) በርበራ ወደብን ማን ይያዝ በሚል የኢሳቅ ንዑስ ጎሳዎች ሲዋጉ፣ ከሌላ ጎሳ የመጡት የጋዳቡርሲ ሽማግሌዎች በሽምግልናው ዋና ድርሻ ነበራቸው። በ1993 ለወራት የዘለቀው የቦረማ ጉባኤ መሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ፤ ጉርቲንም የመንግሥት አካል አደረገ።

በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱን አጽንቶታል። 82 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ አባላቱ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ሃይማኖት፣ ባህልና ጸጥታ ልዩ ሥልጣኑ ናቸው። የተወካዮች ምክር ቤት በ2005 በሕዝብ ድምፅ ሲመረጥ ጉርቲ ግን በጎሳ ድልድል ቀጥሏል፤ አባል ሲሞት መቀመጫው ብዙውን ጊዜ ለልጁ ወይም ለቅርብ ዘመዱ ይተላለፋል። የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን የማራዘም መብቱ በተለይ አከራካሪ ነው፤ በ2022 የሁለት ዓመት ጭማሪ ሲፈቅድ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልተቀበሉትም።