ከ«ከንቱ» በስተጀርባ ያለው እንፋሎት፦ «ሄቤል» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል

ሰባት ድስት አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ እሳት ላይ ተጥዷል። የታችኛው ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ሁለተኛውን ያሞቃል፤ የሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን። እንዲህ እያለ ሰባተኛው ድስት ላይ ሲደርስ ከአፉ የሚወጣው ነገር እንፋሎት ለመባልም የማይበቃ ሆኖ ይቀራል። ይህ ምሳሌ የሚገኘው የጥንት የአይሁድ መምህራን መጽሐፈ መክብብን በተረጎሙበት «ቆሄሌት ራባ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው። መምህራኑ ይህን ሁሉ ድስት የደረደሩት አንዲት ቃል ለማስረዳት ነው፤ «ሄቤል»ን።

ክርክራቸው እንዲህ ነበር። ዳዊት በመዝሙሩ ሰውን በሄቤል መስሎታል። ግን በየትኛው ሄቤል? የምድጃ እንፋሎት እኮ ቢያንስ ያሞቃል፤ የሚታወቅ ነገር አለው። መልሱን ያገኙት ከልጁ ከሰሎሞን ነው። ሰሎሞን ቃሉን በቃሉ ላይ ደርቦ «ሃቤል ሃባሊም» ሲል፣ የሄቤሎች ሄቤል ማለቱ ነውና፣ የላይኛውን ድስት እንፋሎት ማመልከቱ ነው አሉ።

የአማርኛ አንባቢ መጽሐፈ መክብብን ሲገልጥ ድስቱንም እንፋሎቱንም አያገኝም። በቦታው የቆመው «ከንቱ» ነው። የሁለቱ ቃላት ልዩነት ትልቅ ነው። «ከንቱ» ፍርድ ነው፤ የቀረበለትን ነገር መዝኖ ዋጋ የለህም ብሎ ያሰናብታል። «ሄቤል» ግን ሥዕል ነው። በብርድ ጧት ከአፍ ወጥቶ ሲበተን የሚታየው ትንፋሽ ሄቤል ነው። ትንፋሹ መኖሩን ዓይን ይመሰክራል፤ እጅ ግን ሊይዘው አይችልም። ቃሉን ለአማርኛ ጆሮ ይበልጥ የሚያቀርበው «ጉም መዝገን» የሚለው የራሳችን አነጋገር ይመስላል፤ ጉሙ አለ፣ ዘጋኙም አለ፣ እፍኙ ውስጥ ግን ምንም የለም።

በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቃሉ 73 ጊዜ ያህል ይገኛል፤ ከዚህም 38ቱ በመክብብ ብቻ ናቸው። በሌሎቹ መጻሕፍት መልኩ ይለዋወጣል። ኢሳይያስ 57፥13 ላይ ጣዖታትን ነፋስ ያነሣቸዋል፣ ሄቤልም ይወስዳቸዋል፤ እዚህ ቃሉ ከነፋስ ጎን ቆሞ አየርነቱን አልለቀቀም። ምሳሌ 21፥6 በሐሰተኛ ምላስ የተሰበሰበ ሀብት የሚበተን ሄቤል ነው ይላል። ኤርምያስ ዘንድ ሲደርስ ቃሉ የጣዖት ስም እስከ መሆን ይሄዳል። በኤርምያስ 2፥5 አባቶች ሄቤልን ተከትለው ራሳቸው ሄቤል ሆኑ፤ ግሡም የወጣው ከዚያው ቃል ስለሆነ፣ አምላኪው የሚያመልከውን መሰለ የሚለው ሐሳብ በሰዋስው ጭምር ተገልጧል። አንዳንድ ሊቃውንት ከዚህ ላይ «ሃሄቤል» እና «ሃባዓል» በድምፅ መቀራረባቸውን ያነሣሉ። ነቢዩ በጣዖቱ በበኣል ስም ላይ ቢቀልድ የሚያስገርም አይሆንም።

ሆኖም የቃሉ ምስጢር ጎልቶ የሚወጣው ብዙ ሰው ባልጠበቀበት በዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ነው። የአዳም ሁለተኛ ልጅ ስም በዕብራይስጥ ሄቤል ነው። እኛ አቤል የምንለው ስሙ በግሪክኛ በኩል ስለደረሰን ነው፤ የግሪክ ፊደል ለ«ሀ» የተለየ ሆሄ ስለሌለው የስሙ መነሻ ድምፅ መንገድ ላይ ቀረ። በዚህም ምክንያት አማርኛ አንባቢ አቤልን ከመክብብ ቃል ጋር የሚያገናኝበት ክር ተቆረጠ። ዕብራይስጥ አንባቢ ግን ገና ስሙን ሲያነብ የልጁን ዕድሜ ያውቃል። ሔዋን የቃየንን ስም «አገኘሁ» ከሚል ግሥ ጋር አያይዛ ታብራራለች፤ ለሁለተኛው ልጅ ስም ማብራሪያ የለም። የሚያስፈልገውም አይመስልም። በዕብራይስጡ ታሪክ ውስጥ አቤል አንዲት ቃል ሳይናገር ይሞታል፤ ከሞተ በኋላ የሚጮኸው ደሙ ነው። ቃየን ደግሞ ይከራከራል፣ ይወልዳል፣ ከተማ ይሠራል። አንዱ ወንድም ማግኘት፣ ሌላው ትንፋሽ። መክብብም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ የሚጠይቀው ሰው ከድካሙ ሁሉ ምን ትርፍ አለው ብሎ ነው። ትርፍ ለማለት የሚጠቀምበት «ዪትሮን» የሚለው ቃል በመጽሐፉ 10 ጊዜ ሲገኝ፣ በሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ከቶ የለም። ሰባኪው የቃየንንና የአቤልን ስም ባይጠራም፣ የሁለቱ ሙግት ከመጽሐፉ አልወጣም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ሥዕሉ በፍርድ የተተካው የት ነው? እስክንድርያ ላይ ተሠራ በሚባለው በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ውስጥ ነው። ተርጓሚው ለሄቤል የመረጠው «ማታዮቴስ» የሚል፣ ባዶነትንና ፋይዳ ማጣትን የሚገልጽ ቃል ነው። የግእዙ ብሉይ ኪዳን በመሠረቱ ከግሪክኛው ስለተተረጎመ «ከንቱ» የዚህ ውሳኔ ወራሽ ነው። በሦስቱ በኋላ በተነሡ የግሪክ ተርጓሚዎች፣ በአቂላ፣ በሲማኮስና በቴዎዶጥዮን፣ ቃሉ ወደ እንፋሎት ተመልሶ ነበር። ይህን የነገረን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጄሮም ነው። ጄሮም በቤተ ልሔም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ388 ወይም 389 ዓ.ም. አካባቢ በጻፈው የመክብብ ትርጓሜ፣ ቃሉ ፈጥኖ የሚበተን የጢስ እንፋሎትን እንደሚያመለክት በግልጽ አስቀምጧል። ግን በላቲን ትርጉሙ ውስጥ የለመደውን «ቫኒታስ» እንዳለ ተወው። እንፋሎቱን ያየ ሰው ነበር፤ የልማድ ጉልበት አሸነፈው። የአውሮፓ ቋንቋዎች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የተከተሉት እሱን ነው።

ልዩነቱ የቃላት ምርጫ ብቻ ነው የሚል ካለ መክብብ 11፥10ን ያንብብ። ልጅነትና ጉብዝና ሄቤል ናቸው ይላል። ከንቱ ናቸው ከተባለ ወጣትነት ዋጋ ቢስ መሆኑ ነው፤ ከፍ ብሎ በዚያው ገጽ ግን ወጣቱ በጉብዝናው ደስ እንዲለው ተመክሯል። እንደ ጧት ጤዛ ነው ከተባለ ምክሩ ከምክንያቱ ጋር ይታረቃል፦ አላፊ ነውና ሳያልፍ ደስ ይበልህ። መክብብ 9፥9ም እንዲሁ ነው። ባል በሄቤል ዕድሜው ሁሉ ከሚወዳት ሚስቱ ጋር እንዲደሰት ሲመከር፣ ከንቱ ሕይወት የሚለው አተረጓጎም ምርቃትና ርግማን ያደባልቃል።

ነገሩ ግን እንፋሎት ብሎ በመገላገል አያልቅም። መክብብ 8፥14 ላይ ጻድቁ ለኃጥእ የሚገባው ሲደርስበት፣ ኃጥኡም የጻድቁን ዋጋ ሲቀበል፣ ሰባኪው ይህን ሄቤል ይለዋል። ግፍ እንደ ጤዛ ቶሎ አይረግፍም። እዚህ ላይ ቃሉ የሚናገረው ስለ ዕድሜ ማጠር አይደለም፤ አእምሮ ሊጨብጠው ስለማይችል ነገር ነው። ማይክል ፎክስ የተባሉት የዕብራይስጥ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በመክብብ የቃሉ ዋና ፍቺ ትርጉም አልባነት፣ ማለትም በሥራና በውጤት መካከል ያለ አሳፋሪ መፋለስ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ሮበርት ኦልተር በበኩላቸው በእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ወደ ትንፋሽ ተመልሰዋል። የኦልተር መንገድ የተሻለ ይመስላል፤ ፎክስ ስለ 8፥14 ተሳስተዋል ለማለት ሳይሆን፣ ትንፋሽ ሁለቱንም ስለሚችል ነው። የማይቆይም የማይያዝም ነገር ነውና። ፍቺ ከተሰጠው ግን አንዱ ጥቅስ በገባ ቁጥር ሌላው ይወጣል።

ለቁጥር ወዳጆች አንድ ነገር ጣል ማድረግ ያስፈልጋል። የሄቤል ሦስት ፊደላት እንደ ዕብራይስጥ አቆጣጠር 5፣ 2 እና 30 ናቸው፤ ድምሩ 37። መጽሐፈ መክብብ 222 ቁጥሮች አሉት፤ ይህም 37 በ6 ሲባዛ ነው። ቃሉ 37 ሳይሆን 38 ጊዜ መገኘቱ ስሌቱን ያፋልሳል፤ ስለዚህም በ9፥9 ሁለት ጊዜ የተጻፈው አንዱ የገልባጭ ድግግሞሽ ነው የሚሉ አሉ። ቁጥሩ እንዲሞላ አንድ ቃል መሰረዝ ሲያስፈልግ ግን ጥርጣሬ ቢነሣ አይፈረድም።

እስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በየቀኑ የሚሰሙት «ኻቫል» ከሄቤል ጋር ዝምድና የለውም። ያ ቃል የሚጻፈው በ«ሄ» ሳይሆን «ሔት» በተባለው ፊደል ሲሆን «ምን ያደርጋል» እንደ ማለት የቁጭት ቃል ነው፤ ጭራሽ «ኻቫል አል ሃዝማን» ሲባል፣ ቃል በቃል ለጊዜው ያሳዝናል ማለት ሆኖ ሳለ፣ ወጣቶቹ አንደኛ ነው ለማለት ይጠቀሙበታል። በዚያው ሔት የሚጻፈው ሌላ ቃል «ሔቤል» ገመድ ነው፤ ይህኛውን እኛም እናውቀዋለን፤ በግእዝ ገመድ፣ በአማርኛ የአንገት ጌጥ የሆነው ሐብል ነውና። ሀ እና ሐን አንድ አድርጎ ለሚያነብ አፍ እንፋሎትና ገመድ በቀላሉ ይምታታሉ። አንዱ ያስራል፣ ሌላው አይታሰርም።

የዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ትንፋሽነቱን ከቃሉ ላይ አውልቀው እንዳልጣሉት የሚያሳየው በባቢሎን ታልሙድ፣ ሻባት በተባለው ክፍል 119ለ ላይ ያለው ነው። መምህሩ ሬሽ ላኪሽ ዓለም ጸንታ የቆመችው የሚማሩ ሕፃናት ከአፋቸው ስለሚያወጡት ሄቤል ብቻ ነው ብሎ ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያን ጥግ ተቀምጠው ፊደል የሚያንበለብሉ ልጆችን የሰማ ሰው ሥዕሉ ወዲያው ይገባዋል። ራቭ ፓፓ የተባለው ሌላ መምህር ይህን ይዞ መምህሩን አባዬን ጠየቀው፦ የእኔና የአንተስ ሄቤል? አባዬ መለሰለት፦ ኃጢአት ያለበት ሄቤል ኃጢአት ከሌለበት ጋር አይተካከልም። በዚህ ጭውውት ውስጥ «ከንቱ»ን አስገብቶ የሚያነብ ተርጓሚ ዓለምን በከንቱ ላይ ሊያቆማት ነው።